ካርቱኑ በእርግጥ «ተንብዮ ነበር»? የ«ፋሚሊ ጋይ» አንድ ክፍልና የቦስተኑ ተቀጣጣይ ቪዲዮ

«ይህን ካርቱን እዩት፤ ነገሩን አስቀድሞ ተናግሮ ነበር» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት አጭር ቪዲዮ ያልደረሰው ሰው ጥቂት ነው። አንድ ትልቅ አደጋ ወይም ጥቃት በደረሰ ቁጥር ከአሜሪካ ካርቱን ተቆርጦ የወጣ ቁራጭ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይዞራል። ገሚሶቻችን «ጉድ ነው» ብለን እናልፈዋለን፤ ገሚሶቻችን ደግሞ ሳንመረምር ለወዳጅ ዘመድ እንልከዋለን።

ዛሬ የምንመለከተው ከእነዚህ ቪዲዮዎች አንዱን ነው። የተወሰደው «ፋሚሊ ጋይ» ከተባለው የካርቱን ድራማ ሲሆን፣ ክፍሉ «ተርባን ካውቦይ» ማለትም «ባለ ጥምጣሙ ካውቦይ» ይባላል። በዚህ ክፍል ዙሪያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለው ይወራሉ። አንደኛው ክፍሉ ራሱ ሙስሊሞችን የሳለበት መንገድ ነው፤ ይህ እውነተኛ ችግር ነው። ሁለተኛው ካርቱኑ የቦስተኑን ፍንዳታ አስቀድሞ አሳይቷል የሚለው ወሬ ነው፤ ይህ ደግሞ ውሸት ነው። ሁለቱን ነገሮች ለየብቻ እናያቸዋለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንግለጽ።

ፋሚሊ ጋይ ምን ዓይነት ፕሮግራም ነው?

ፋሚሊ ጋይ በሴት ማክፋርሌን የተፈጠረና ከ1999 ጀምሮ ፎክስ በተባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን የሚታይ የካርቱን ድራማ ነው። ታሪኩ የሚያጠነጥነው በግሪፊን ቤተሰብ ላይ ነው። አባትየው ፒተር ሳያስብ የሚናገርና የሚያደርግ ሞኝ ሰው ነው። ሚስቱ ሎይስ፣ ሦስት ልጆቻቸውና እንደ ሰው የሚናገር ውሻቸው ኳሆግ በተባለች ምናባዊ ከተማ ይኖራሉ።

ካርቱን ስለሆነ የልጆች ፕሮግራም የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። አይደለም። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ደረጃ አሰጣጥ ፋሚሊ ጋይ በአብዛኛው ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች የማይመከር ተብሎ የሚተላለፍ ነው። ስድ ንግግር፣ መጠጥና ዝሙት የበዛበት ነው። ቀልዱም ማንንም አይምርም። ክርስቲያኑን፣ አይሁዱን፣ ሙስሊሙን፣ ጥቁሩን፣ አካል ጉዳተኛውን ሁሉ ይነካል። የፕሮግራሙ ደጋፊዎች «ሁሉንም እኩል ስለሚሰድብ አድልዎ የለበትም» ይላሉ። ወደዚህ ክርክር በኋላ እንመለሳለን።

ፕሮግራሙ የሚታወቅበት አንድ ልዩ አሠራር አለ። አንዱ ገጸ ባሕርይ «ያን ጊዜ ትዝ ይልሃል?» ሲል ታሪኩ ለጥቂት ሰከንዶች ይቋረጥና ከዋናው ታሪክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ሌላ ትዕይንት ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህን አሠራር አንባቢ እንዲይዘው እንፈልጋለን፤ ሐሰተኛው ቪዲዮ የተፈበረከው በዚህ ቀዳዳ ገብቶ ነውና።

የ«ተርባን ካውቦይ» ታሪክ

ክፍሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ማርች 17 ቀን 2013 ነው። ፒተር ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል ይጀምርና አደጋ ደርሶበት ሆስፒታል ይገባል። እዚያ ማህሙድ ከተባለ ሙስሊም ጋር ይተዋወቃል። ሁለቱ ይግባባሉ፤ ጓደኛሞችም ይሆናሉ። ፒተር አዲሱን ወዳጁን ወደ ጓደኞቹ ሲያመጣው ግን እነሱ በጥርጣሬ ያዩታል። ውሎ አድሮ ፒተር በማህሙድ አማካይነት ይሰልማል።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ወደ ሁለት አቅጣጫ ሊሄድ ይችል ነበር። ጓደኞቹ ያለ ምክንያት ሰው የጠረጠሩ ሆነው ሊታዩ ይችሉ ነበር። ታሪኩ የመረጠው ሌላውን መንገድ ነው። ማህሙድ በእርግጥ አሸባሪ ሆኖ ይገኛል። የከተማዋን ድልድይ በፈንጂ ለማፍረስ ያሴራል፤ ምንም ያልገባው ፒተር ደግሞ መሣሪያው ሆኗል። በመጨረሻ ፖሊስ የሆነው ጓደኛቸው ጆ ደርሶ ሴራው ይከሽፋል።

ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

ችግሩ በሙስሊም ላይ መቀለዱ ብቻ አይደለም። ፕሮግራሙ በሁሉም ላይ እንደሚቀልድ ከላይ ተናግረናል። ችግሩ የታሪኩ ፍርድ ነው። በታሪኩ ውስጥ ሙስሊሙን ገና ሲያዩት የጠረጠሩት ሰዎች ትክክል ሆነው ይወጣሉ፤ አምኖ የቀረበው ሰው ደግሞ የተታለለ ሞኝ ሆኖ ይቀራል። ተመልካቹ ሲስቅ ቆይቶ ሲጨርስ የሚይዘው ትምህርት አንድ ነው፦ ፈገግ ብሎ የቀረበህን ሙስሊም አትመን።

«ሁሉንም እኩል ይሰድባል» የሚለው መከራከሪያም እዚህ ላይ አይሠራም። በዚህ ድራማ ውስጥ ክርስቲያንም ሆነ አይሁድ ገጸ ባሕርያት በየሳምንቱ ይታያሉ። ሲቀለድባቸውም ጎረቤት፣ አባት፣ ሠራተኛ ሆነው ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ያካክሳል። ሙስሊሙ ግን በዚህ ክፍል ውስጥ እንደ እንግዳ ይመጣል፤ እንደ ወንጀለኛም ይወጣል። ተመልካቹ ከዚህ ሌላ የሚያነጻጽረው ሙስሊም የለውም። እኩል ስድብ እኩል ጉዳት የሚያደርሰው ተሰዳቢዎቹ እኩል ሲታወቁ ብቻ ነው።

ጉዳቱ የስሜት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም መታወስ አለበት። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ በ2000 በሙስሊሞች ላይ ያነጣጠሩ 28 የጥላቻ ወንጀሎችን መዝግቦ ነበር። በ2001፣ ማለትም የሴፕቴምበር 11 ጥቃት በደረሰበት ዓመት፣ ቁጥሩ 481 ደረሰ። እነዚህን ወንጀሎች ካርቱን ፈጠራቸው አንልም። ሆኖም ጎረቤቱን በጥርጣሬ ማየት የለመደ ማኅበረሰብ ውስጥ ጥርጣሬውን «ትክክል ነበርክ» ብሎ የሚያጸድቅ ቀልድ ዝም ብሎ ቀልድ አይደለም።

ሌላ ካርቱን፣ ሌላ ፍርድ

በዚሁ በፎክስ ቴሌቪዥን ከዚያ ክፍል ከአራት ዓመት ገደማ በፊት ተመሳሳይ ታሪክ ታይቶ ነበር። «ዘ ሲምፕሰንስ» የተባለው ታዋቂ የካርቱን ድራማ ኖቬምበር 30 ቀን 2008 ባሳየው ክፍል ልጁ ባርት ከዮርዳኖስ ከመጣ በሺር ከተባለ ሙስሊም ልጅ ጋር ጓደኛ ይሆናል። በትምህርት ቤት ጉልበተኞች በሃይማኖቱ ምክንያት ሲተናኮሉት ባርት ይቆምለታል። አባትየው ሆመር መጀመሪያ ልጁን በሥነ ምግባሩ ይወደዋል። መጠጥ ቤት ያሉ ጓደኞቹ ግን «ሙስሊም ከሆነማ አሸባሪ ነው» ብለው ልቡን ያሻክሩታል።

ሆመር የበሺርን አባት በቤቱ ከፈንጂ ጋር ያየዋል። ያሰበው ሁሉ እውነት ሆኖ ይታየውና ሕዝብ ለማዳን ይሮጣል። እውነቱ ግን የበሺር አባት ሥራው ያረጁ ሕንፃዎችን በፈንጂ ማፍረስ ነበር፤ የሚያፈርሰውም አሮጌ የገበያ ማዕከል ነበር። «አዳኙ» ሆመር ፈንጂውን ሲወረውር አዲስ ድልድይ ያፈርሳል። መጨረሻው ቤተሰቡን ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ልዩነቱን ልብ እንበል። ሁለቱም ካርቱኖች ጥርጣሬን፣ ፈንጂንና ድልድይን ይዘዋል። በአንደኛው ድልድዩን ሊያፈርስ የተነሳው ሙስሊሙ ነው፤ በሌላኛው ድልድዩን ያፈረሰው የጠርጣሪው ድንቁርና ነው። አንደኛው በተጠርጣሪው ሲስቅ ሌላኛው በጠርጣሪው ይስቃል። የሲምፕሰንሱም ክፍል ቢሆን ንጹሕ አይደለም፤ በሆመር ሕልም ውስጥ ጂኒ መጥቶ አገሩን «እስላማዊ» ሲያደርግበት የሚያሳየው ትዕይንት የተለመደውን የምሥራቅ ሥዕል የደገመ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ግን ሙስሊሙን ቤተሰብ እንደ ቤተሰብ አሳይቷል። ስለዚህ «ምጸት ስለሆነ ሌላ አማራጭ አልነበረውም» ማለት አይቻልም። አማራጩ በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው የቀልድ ዓይነት ታይቷል።

ቦስተን፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2013

«ተርባን ካውቦይ» ከታየ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው የቦስተን ማራቶን ተካሄደ። የወንዶቹን ውድድር ያሸነፈው ኢትዮጵያዊው ሌሊሳ ዴሲሳ ነበር፤ 2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ፈጅቶበታል። እሱ መስመሩን ካለፈ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ ተራው ሯጭ ገና እየገባ ሳለ፣ በመጨረሻው መስመር አቅራቢያ ሁለት ፈንጂዎች ተከታትለው ፈነዱ። 3 ሰዎች ሞቱ፤ ከ260 በላይ ቆሰሉ። ሌሊሳ በዚያው ዓመት ጁን ወር ወደ ቦስተን ተመልሶ የአሸናፊነት ሜዳሊያውን ለከተማዋ ሕዝብ አስረክቧል።

ፍንዳታው በደረሰ ማግስት፣ ገና ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ፣ አንድ የፋሚሊ ጋይ ቪዲዮ በኢንተርኔት ተለቀቀ። በቪዲዮው ፒተር በቦስተን ማራቶን ላይ ይታያል። ቀጥሎ ማህሙድ በሰጠው ስልክ ይደውላል፤ ፍንዳታና ጩኸት ይሰማል። እንደገና ይደውላል፤ እንደገና ይፈነዳል። ሁለት ጥሪ፣ ሁለት ፍንዳታ። ያየ ሁሉ ደነገጠ። «መንግሥት ያውቅ ነበር»፣ «ሁሉም የታቀደ ነው» የሚሉ የሴራ ወሬ አሰራጮችም ተቀባበሉት።

ቪዲዮው እንዴት ተሠራ?

በዋናው ክፍል ውስጥ ሁለቱም ትዕይንቶች አሉ፤ ግን የተያያዙ አይደሉም። የማራቶኑ ትዕይንት ከላይ ከጠቀስናቸው አቋራጭ ቀልዶች አንዱ ነው። ፒተር ማራቶኑን እንዴት እንዳሸነፈ ሲጠየቅ፣ በእግሩ ሮጦ ሳይሆን በመኪና ሯጮቹን እየገጨ አልፎ እንዳሸነፈ ይታያል። አስቀያሚ ቀልድ ነው፤ ነገር ግን ፈንጂ የለበትም፤ ማህሙድም የለበትም። የስልኩ ትዕይንት ደግሞ በክፍሉ ሌላ ቦታ ያለ ሲሆን ከማራቶን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

አንድ ሰው ሁለቱን ቆርጦ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። መካከል ያለውን ሁሉ አወጣ። አዲስ ሥዕል አልሳለም፤ አዲስ ድምፅም አልጨመረም። መቀስ ብቻ በቂ ሆነለት። «ይህ ሐሰት ነው» ሲባል ብዙዎች ያላመኑት ለዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ በእርግጥ ከክፍሉ የተወሰደ ነበርና። የቅንብር ውሸት ከፈጠራ ውሸት የሚከፋው እውነተኛ ቁርጥራጮችን ስለሚጠቀም ነው።

የፕሮግራሙ ፈጣሪ ማክፋርሌን የተቀነባበረውን ቪዲዮ አጥብቆ አወገዘ፤ በጥቃቱ ለተጎዱትም ሐዘኑን ገለጸ። ፎክስ ደግሞ ክፍሉን ከራሱ ድረ ገጽና ሁሉ ከተባለው የቪዲዮ አገልግሎት አነሳው። ማንሳቱ ግን ወሬውን አላቆመውም። እንዲያውም «ምን ሊደብቁ ነው?» የሚል አዲስ ጥያቄ ወለደ። ዋናውን ክፍል ፈልጎ ማነጻጸርም ለብዙ ሰው ከባድ ሆነ።

በእነዚያ ቀናት ንጹሐን ሰዎች በጥርጣሬ ተጎድተዋል። በፍንዳታው የቆሰለ አንድ የሳዑዲ ተማሪ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ቤቱ ተፈተሸ፤ ስሙም በተጠርጣሪነት ተነሳ። ባለሥልጣናቱ በኋላ እሱ ምስክር እንጂ ተጠርጣሪ እንዳልሆነ ተናገሩ። ኒው ዮርክ ፖስት ጋዜጣ ኤፕሪል 18 ቀን የሁለት ወጣቶችን ፎቶ ፖሊስ እንደሚፈልጋቸው አድርጎ የፊት ገጹ ላይ አወጣ፤ አንደኛው የሞሮኮ ዝርያ ያለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። ሁለቱም ከነገሩ ንጹሕ ነበሩ። በመጨረሻ ድርጊቱን የፈጸሙት የቼቼን ዝርያ ያላቸው ሁለት ወንድማማቾች መሆናቸው ታወቀ። ሙስሊሞች መሆናቸው አይካድም። ይህም ቢሆን የሳዑዲውን ተማሪም ሆነ የሞሮኮውን ልጅ መጠርጠር ትክክል አያደርገውም። የሁለት ሰዎች ወንጀል የሁለት ሰዎች ወንጀል ነው።

እኛስ ለምን እናምናለን?

እንዲህ ዓይነቱ ወሬ የሚሸነግለው ምዕራባውያንን ብቻ አይደለም። በ2014 አል ተሕሪር የተባለ የግብፅ ቴሌቪዥን ጣቢያ በ2001 የታየ የሲምፕሰንስ ክፍል ውስጥ የሶርያ ተቃዋሚዎች ባንዲራ መኪና ላይ እንደሚታይ አሳይቶ፣ የሶርያ ጦርነት ከአሥር ዓመት በፊት የታቀደ ለመሆኑ ማስረጃ አድርጎ አቅርቦት ነበር።

መልሱ ቀላል ነበር። ተቃዋሚዎቹ በ2011 ያነሱት ባለ ሦስት ቀይ ኮከቡ ባንዲራ አዲስ አይደለም። ከ1932 ጀምሮ የሶርያ ባንዲራ የነበረ፣ በኋላ የተለወጠ የቆየ ባንዲራ ነው። ሠዓሊው አንድን የዐረብ አገር ለማመልከት ከቆዩ ባንዲራዎች አንዱን ሳለ። ተቃዋሚዎቹ ያንኑ የአያቶቻቸውን ባንዲራ መልሰው አወጡት። ነገሩ ይኸው ነው።

ሲምፕሰንስ ከ1989 ጀምሮ ከ700 በላይ ክፍሎች ተሠርተውለታል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ ብዙ ቀልድ አለ። ያን ያህል ከተናገሩ አንዳንዱ ከሆነ ነገር ጋር መግጠሙ አይቀርም። ያልገጠመውን በሺህ የሚቆጠር ቀልድ የሚያስታውስ ግን የለም። በተጨማሪም አንድ የካርቱን ክፍል ተጽፎ፣ ተስሎ፣ ድምፅ ገብቶለት እስኪታይ ብዙ ወራት ይፈጃል። ሠሪዎቹ ስለ ነገ የሚያውቁት እኛ ከምናውቀው አይበልጥም። ሩቁንም ሆነ የነገውን የሚያውቅ አላህ ብቻ መሆኑን የሚያምን ሙስሊም ይህን ለካርቱን ሠዓሊ ሊሰጥ አይገባም።

ሁለቱን መለየት ለምን ይጠቅማል?

«ካርቱኑ ሰድቦናል፤ ስለዚህ ሌላም ቢጨመርበት ምን አለበት?» የሚል ሊኖር ይችላል። ሁለት ምክንያት እንሰጣለን።

አንደኛው ፍትሕ ነው። በደል ያደረሰብንን ሰው ባላደረገው ነገር መክሰስ በደል ነው። ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ከፍትሕ እንዳያወጣን ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ አስተምሮናል። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ወሬን ማጣራትን፣ በሌሎች አለመሳለቅንና ከመጥፎ ጥርጣሬ መራቅን በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ሰብስቧል። ካርቱኑ በመሳለቅና በጥርጣሬ ቢያጠፋ፣ እኛ ደግሞ ሳናጣራ በማሰራጨት ልናጠፋ አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት ሐሰቱ እውነተኛውን ቅሬታችንን ስለሚያበላሽ ነው። ሰዎች «ተንብዮ ነበር» የሚለው ውሸት መሆኑን ሲያረጋግጡ፣ ክፍሉ ሙስሊሙን በወንጀለኛነት መሳሉንም እንደ ሌላ ወሬ ቆጥረው ያልፉታል። እውነተኛው ጥያቄ፣ «ለምን ሙስሊሙ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ወንጀለኛ ሆኖ ብቻ ይወጣል?» የሚለው፣ ሳይመለስ ይቀራል።

ምን እናድርግ?

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሲደርሰን ጥቂት ነገሮችን ማየት በቂ ነው። ቪዲዮው ስንት ሰከንድ ነው? ሙሉ ክፍሉስ ስንት ደቂቃ ነው? ከአንዱ ትዕይንት ወደ ሌላው ሲያልፍ ድምፁ ወይም ቦታው ድንገት ይዘላል? የክፍሉ ስምና የታየበት ቀን ተጠቅሷል? ከሌለ ማስተላለፉን እናቆየው። አንድ ቀን የዘገየ እውነት ማንንም አይጎዳም።

በውጭ አገር ልጆች የምታሳድጉ ወላጆች ደግሞ ካርቱን ሁሉ የልጅ አለመሆኑን እወቁ። ልጃችሁ እንዲህ ዓይነቱን ነገር አይቶ ወይም በትምህርት ቤት በዚያ ተቀልዶበት ከመጣ፣ ቴሌቪዥኑን ከማጥፋት ባሻገር ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። በታሪኩ ውስጥ ማን ሞኝ ተደርጎ፣ ማን ክፉ ተደርጎ እንደተሳለ ጠይቁት። ልጅ ይህን መለየት ከቻለ ቀልዱ ልቡ ውስጥ አይተክልም።

በመጨረሻም ሥዕሉን የሚለውጠው ቅሬታ ብቻ አይደለም። በካናዳ ዛርቃ ናዋዝ የተባለች ሙስሊም ጸሐፊ የፈጠረችው «ሊትል ሞስክ ኦን ዘ ፕሪሪ» የተባለ አስቂኝ ድራማ ከ2007 እስከ 2012 በአገሪቱ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ታይቷል። በ2025 ደግሞ ራሚ ዩሱፍ የተባለው ግብፃዊ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ከሌላ ጸሐፊ ጋር ሆኖ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በፊትና በኋላ በአሜሪካ ስለሚኖር አንድ ሙስሊም ቤተሰብ የካርቱን ድራማ ሠርቷል። የእነዚህን ሥራዎች ሁሉ ይዘት እናጸድቃለን ማለት አይደለም፤ በተለይ ሁለተኛው ለአዋቂ የተሠራና ብዙ ቤተሰብ የማይወደው ነገር ያለበት ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳያሉ፦ ሙስሊሙ በእንግድነት የሚመጣበት ሳይሆን የቤቱ ባለቤት የሆነበት ታሪክ ሊጻፍ ይችላል። ብዕርና ብሩሽ የያዙ ልጆቻችን ይህን ቢያስቡበት፣ የማህሙድን ዓይነት ሥዕል ብቻውን የቀረ ሥዕል ከመሆን ያወጡታል። እስከዚያው ከእኛ የሚጠበቀው የደረሰንን ቪዲዮ ሳናጣራ አለማስተላለፍ ነው።